የስለት ጃንጥላ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ዝናብ የማያውቀው ጃንጥላ ነበር። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። እናቴ በነጠላ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት የአዲስ ጨርቅና የናፍታሊን ሽታ ክፍሉን ይሞላዋል።

ታላቅ ወንድሜ ግርማ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። አንድ ጊዜ አሰብ ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። ሾፌሩ፣ "መርከብ ላይ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ጥሎኝ ሄደ" አለን። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ። አባቴ ቀድሞ ስለሞተ እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እህል አልቀምስ አለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆሜ መጀመሪያ የማየው፣ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ነበር።

ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ አጥሚት ይዘው እየመጡ በግድ ያጠጧት ነበር። አንድ ቀን፣ "ካኢ፣ ተነሺ" አሏት። "የእኔ ዱዓ ብቻውን አይበቃም። አንቺም ማርያምሽን ለምኛት እንጂ።" እናቴ በማግስቱ ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ልጄን ብትመልሺልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላ ተመለሰች።

ያ ስለት ሰው አደረጋት። ለጃንጥላው መግዣ ጥጥ መፍተል ጀመረች፤ ለመፍተል ደግሞ መብላት ነበረባት። ልጁ ሳይመጣ ለምን ትገዢያለሽ ሲሏት፣ "ሲመጣ ፋታ አይኖረኝም" አለች። ከገዛችው በኋላ በየወሩ በማርያም ዕለት ግቢ ውስጥ ዘርግታ ታናፍሰው ነበር። በናዝሬት ፀሐይ ቀዩ ጥላ ፊቷ ላይ ሲያርፍ፣ ደም የተመለሰባት ትመስለኝ ነበር።

"ዝናብ ያልነካውን ታሰጫለሽ እንዴ?" ይሏታል አዴ ፋጡማ ከአጥሩ ማዶ።

"ብል እንዳይበላው ነው። ልጄ ሲመጣ ቀዳዳ ይዤ ልሂድ?"

"ሲመጣማ ለእኔ ስጪኝ። ማርያም እንደሆነች ብዙ አላት።"

እናቴ ትስቃለች። እኔ በልቤ የምለምነው ግርማ እንዲመጣ ብቻ አልነበረም። እናቴ ተመልሳ ወደዚያ ግድግዳ እንዳትዞር ነበር።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ያው ሾፌር መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ሲቆም ሳይናገር ነገሩ ገባን። ግርማ አሰብ ላይ ወባ ይዞት ሞቷል፤ የተቀበረውም እዚያው ነው።

የነፍስ አባታችን፣ "ስለቱ አልሰመረም ልጄ፤ አያስገድድሽም" አሏት።

"ቤት አስቀምጬው ምን ላድርግበት፣ አባ?" አለች።

በሚቀጥለው የማርያም ዕለት ጥቁሯን እንደለበሰች ይዛው ሄደች። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እሷም አብራ እልል አለች። ሰው ሁሉ እምነቷን አደነቀ። እኔም ዳነች ብዬ ነበር።

ወር ዞሮ የማርያም ዕለት ሲደርስ ሳጥኑን ከፈተች። ነጠላው ብቻ ነበር። አውጥታ አራገፈችው፣ አጣጥፋ መለሰችው፣ ከዚያም ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። አዴ ፋጡማ አጥሚት ይዘው መጡ። አልጠጣችም። ክረምቱ ሳይወጣ ቀበርናት። እኔን አዴ ፋጡማ አሳደጉኝ።

ዛሬ ያ ግቢ ፎቅ ተሠርቶበታል። እኔም እናቴ ያላየችውን ዕድሜ አየሁ። እንቅልፍ ከራቀኝ ቆይቷል፤ ጠዋት መነሣት ተራራ ሆኖብኛል። ሐኪሙ ክኒን ሰጥቶኛል፣ የነፍስ አባቴ ጸሎት አዘውልኛል። ሁለቱንም አላቋርጥም። ልጄ ሊጠይቀኝ ሲመጣ፣ "እማዬ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ?" ይለኛል። ምን ልበለው? የጠፋብኝ ሰው የለም። እናቴ የምትለምነውን ታውቅ ነበር፤ እኔ ምን ብዬ እንደምለምን እንኳ አላውቅም።

አምና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አንድ ቀይ ጃንጥላ ገዛሁ። በየወሩ በማርያም ዕለት በረንዳዬ ላይ ዘርግቼ አናፍሰዋለሁ። ለእሱ ስል ያን ቀን እነሣለሁ።

"ስለትዎ መቼ ነው የሚገባው?" ይሉኛል ጎረቤቶቼ።

"ገና ነው" እላቸዋለሁ።

አላስገባውም።