ቅሬው በሊንክ ሲጠራ

ባለቤቴ የሞተው ጠዋት ነው፤ የተቀበረው በዚያው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ጀናዛ አይቆይም። ስለዚህ ቆቦ ላይ ለቀብር መጠራራት ቀልድ አይደለም፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ያልሰማ ሰው ሳይሰናበት ይቀራል። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም እንደዚያ ቀረ። የሚኖረው ጎብዬ ነው። ቢሰማ ኖሮ በሚኒባስ ተሳፍሮ ሲደርስ ጊዜ ይተርፈው ነበር።

ድሮ ሰው ሲሞት ቅሬያችን፣ የቀብር እድራችን ማለት ነው፣ ሰው ይልክ ነበር። ሁለት ጠሪዎች ነበሩን። አንዱ ሰፈሩን በእግሩ ይዞራል፤ ሌላው ባገኘው መኪና ወደ ሮቢትና ጎብዬ ይሄዳል። ለሥጋ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ጠሪው ብቻውን አይገባም። ከዚያው መንደር አንድ ሽማግሌ ያስከትልና "ወንድምህ ትንሽ አሞታል፣ ተነሳ እንሂድ" ይላል፤ መርዶው በኋላ ቀስ ብሎ፣ ሰው በተሰበሰበበት ይነገራል። እነዚህ ጠሪዎች ቀሩ። አዲስ አበባ የኮምፒውተር ሥራ ያለው የሰፈራችን ልጅ ለቅሬው አፕ ሠራ። ጸሐፊው ለአባላቱ ሊንክ ይልካል፤ ሊንኩን ሲነኩት፣ በስልክም ይሁን በኮምፒውተር፣ የሟቹ ስም፣ የቀብሩ ሰዓትና ቦታ የተጻፈበት ገጽ ላይ በቀጥታ ያደርሳል ተባለ። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። አፑን ስልኬ ላይ የጫነልኝ ባለቤቴ ራሱ ነው።

የዚያን ቀን ሴቶቹ ከበውኝ ሳለ አንድ ነገር ብቻ እጠይቅ ነበር።

"ለወንድሙ ማን ሄደ?"

"ኧረ ለሁሉም ተልኳል" አለች ጎረቤቴ።

"ማን ሄደ ነው የምልሽ!"

"በአንድ ጊዜ ለሁሉም ደርሷል አንቺ፤ እባክሽ ተረጋጊ።"

ማንም አልሄደም። ወንድሙ በዚያ ሰዓት የሽንኩርት ማሳውን ውኃ እያጠጣ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ጭቃማ እጁን ሽርጡ ላይ ጠርጎ አየው። "ከቅሬዎ መልእክት አለ" ይላል፤ ከሥሩ ሊንኩ። ነካው። አፑ ተከፈተ፤ የተከፈተው ግን የፊት ገጹ ላይ ነው። የመስጊዱ ፎቶ አለ፤ ከፎቶው ሥር "የእሁዱን ስብሰባ አይርሱ" የሚል ማስታወቂያ። ለስብሰባ ነው ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ላይ የነካው የባለቤቴ ባልንጀራ ደግሞ ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ነው ያየው፤ እሱ እንኳ ከጎረቤት ሰምቶ ደረሰ። ወንድሙ ግን አመሻሽ ላይ ከማሳው ሲመለስ የባጃጅ ሹፌር "አላህ ሰብሩን ይስጥህ" አለው። "በምን?" ብሎ ጠየቀ። የወንድሙን መርዶ በቅጡ ከማያውቀው ሰው፣ በሞተር ጩኸት መሀል ሰማ።

ለቅሶው ላይ መጣ፤ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ፣ ለእኔ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። ከዚያ እግሩ ቀረ። "እንደ ባዳ ቆጠረችኝ፤ ወንድሜ ሞቶ የስብሰባ ጥሪ አስላከችብኝ" ይላል አሉኝ። "ሳልጠራ ወደተቀበረበት አልሄድም" ብሎ መቃብሩን እንኳ ሳያይ ከረመ። እኔ ደግሞ ዒዳ ላይ ነኝ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ ሳያልቅ እንዲህ በቀላሉ ከቤት አትወጣም። ጎብዬ ሄጄ እውነቱን ልነግረው አልችልም። በደሉን ሌላ ሠርቶት ስሙን እኔ ተሸከምኩ።

አፑን የሠራው ልጅ ሊያስተዛዝነኝ ከአዲስ አበባ መጣ። ዱዓ አድርጎ እስኪጨርስ ታገስኩና የሆነውን ነገርኩት።

"እትዬ፣ ሊንኩ እኮ ይሠራል" አለ። የራሱን ስልክ አውጥቶ ነካው። የባለቤቴ ስም ብቅ አለ፤ ሰዓቱም፣ ቦታውም። ላፕቶፑን ከፍቶ ነካው፤ እዚያም መጣ። "ይኸው!"

የእኔን ስልክ አቀበልኩት። "በዚህ ንካው።"

ነካው። የመስጊዱ ፎቶ መጣ። ደግሞ ነካው፤ አሁን የባለቤቴ ስም መጣ። አፑን ዘግቶ እንደገና ሞከረ፤ ፎቶው።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"አፑ አስቀድሞ ክፍት ከሆነ ሊንኩን ይቀበላል። ተዘግቶ ከቆየ ግን ሊንኩ ይቀሰቅሰዋል እንጂ ወዴት እንደተላከ አይሰማም፤ የፊት ገጹ ላይ ይቆማል፤ በኮምፒውተር ደግሞ ባዶ ገጽ ያሳያል። እኔ ስሞክረው ሁልጊዜ ክፍት ነበር።"

"ክፍት ነበር! እስቲ ማን ነው ሞት እየጠበቀ፣ የቅሬ አፕ ከፍቶ ሽንኩርት የሚያጠጣ?"

"ትንሽ ነገር ነው የጎደለው እትዬ፤ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ።"

"ለሚቀጥለው ሟች ታስተካክላለህ። ለእኔስ?"

አንገቱን ደፋ። አላዘንኩለትም። "ጎብዬ ሂድ" አልኩት። "ለእኔ ያልከውን ለእሱ በል፤ ፊቱ ቆመህ።"

"ብደውልለትስ?"

"ደግሞ በስልክ!" ብዬ የጮህኩት መንገድ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

በማግስቱ ልጁና የባለቤቴ ወንድም አብረው መጡ። ለወንድሙ ደጃፉ ላይ በርጩማ ሰጡት፤ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ነኝ።

"ልጁ አሳየኝ፤ ገባኝ። የአንቺ ጥፋት አይደለም" አለኝ። ወዲያው ወደ ልጁ ዞረ። "ግን ቢሠራስ ኖሮ? እዚያ ጭቃ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ፣ ወንድሜ መሞቱን ከስልክ ላነብ ነበር? እንዲህ ነው ያሰብክልኝ?"

እኔ እስከዚያ ቀን የተቆጣሁት ሊንኩ ባለመሥራቱ ነበር። የወንድሙ ቁጣ ይበልጣል፤ ልክም ነው። ለአንድ ቅሬ ሰው መላክ ከከበደው ቅሬነቱ ምኑ ላይ ነው? ጠሪዎቹ ይመለሱ፣ ለሥጋ ዘመድ ሰው ይሂድ ብዬ ለሽማግሌዎቹ ሰው ልኬባቸዋለሁ። "እናየዋለን" አሉ። ምኑን እንደሚያዩ እነሱ ያውቃሉ። አፑ ግን ወዲያው ተስተካክሏል።

"ጉድጓድ ማን አወረደው?" አለኝ ወንድሙ። ጀናዛውን ጉድጓድ የሚያወርደው እሱ መሆን ነበረበት።

"አላየሁም ጋሼ።" በእኛ ሴት ቀብር አትወጣም። "የአጎታችሁ ልጅና ጎረቤታችን ናቸው አሉኝ።"

"አንቺም አላየሽም።"

"አላየሁም።"

ሽርጡን አጥብቆ ተነሳ። "በይ፣ መቃብሩን ሄጄ አይቼ ልምጣ። እነግርሻለሁ።" ልጁ ሊከተለው ሲነሳ "አንተ ቁጭ በል" አለው።

ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ነገረኝ፤ አፈሩ ገና አልረጋም፤ ፍየል እንዳይረግጠው ዙሪያውን እሾህ አጥሮለታል፤ ከአባታቸው መቃብር ብዙም አይርቅም። እኔ እየጠየቅኩ እሱ እየመለሰ ቆየን። ከአባታቸው ብዙም አለመራቁን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።