በዳቦ ምድጃ የደረቁት ቀለሆች

ሐርማኑስ ክላሰን ቀለህ ሲመርጥ ያየው ሰው ሚስት የሚያጭ ይመስለዋል። ሚስቱ ሄስተር ራሷ «እኔን እንኳ እንዲህ አገላብጠህ አላየኸኝም» እያለች ታሾፍበታለች። እሱ ግን መስኮቱ ሥር እንደተቀመጠ ቀና አይልም።

በሬሆቦት ከተማ ዙሪያ ባሉት እርሻዎች የተኮሰበትን ቀለህ መሬት ላይ ጥሎ የሚሄድ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ እንግዳ። ቀለህ ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ባሩድና አረር እንደገና ተሞልቶበት ይተኮሳል። ይህን ሥራ ለሠላሳ ዓመት ለመንደሩ የሠራው ሐርማኑስ ነው። በዕድሜ የሚበልጡት ሳይቀሩ ኦም ሐርማኑስ፣ ማለትም አጎቴ ሐርማኑስ፣ ይሉታል።

አመራረጡ እንዲህ ነው። አንገቱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለችበትን ይጥላል። ከዚያ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ ይሰድና ግድግዳውን ከታች ይዳብሳል፤ ሽቦው ጎድጎድ ያለ ቦታ ካገኘ ያ ቀለህ ከወገቡ ሊበጠስ ነውና ይጥለዋል። ደህናዎቹን በተተኮሱበት ቁጥር ልክ በየወተት ጣሳው ይለያቸዋል፣ አንዴ የተተኮሰው ሁለቴ ከተተኮሰው ጋር አይቀላቀልም። አምስት ጊዜ የሞላውን በመዶሻ ጠፍጥፎ ነው የሚጥለው፤ አለበለዚያ አንዱ ስስታም አንሥቶ ይሞላበታል።

ጥንቃቄው ሁሉ ከፍርሃት የመጣ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ታናሽ ወንድሙ ሌናርት ሌላ ሰው በሞላው ጥይት ሲተኩስ ቀለሁ ከኋላ ፈነዳ። እሳቱና የብረቱ ስባሪ ፊቱ ላይ ነው ያረፈው። አንድ ዓይኑን በሸሚዝ ሸፍኖ ሆስፒታል ያደረሰው ሐርማኑስ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልተረፈም። ሐርማኑስ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥይት ሞልቶ ለሰው ሲሰጥ ይፈራል። ለማንም ግን አልተናገረም፤ እንደሱ ያለ ሰው መፍራቱን ከሚናገር ቢሞት ይመርጣል።

ዘንድሮ በሰኔ ለቤተ ክርስቲያኑ ባዛር የአጋዘን ሥጋ የምታቀርበው ልጃቸው ዊልሚና ሆነች። ዊልሚና ከባሏ ከቲተስ ጋር ዶርንሁክ በሚባል ሩቅ እርሻ ትኖራለች። ከወንዶቹም ቢሆን እሷን በተኩስ የሚያስንቅ የለም፤ ይህን የሚሉት ወንዶቹ ራሳቸው ናቸው፣ እያንገሸገሻቸው። በየዓመቱ የአደን ወቅት ሲገባ አባቷ ዘንድ መጥታ ሃያ ጥይት ትወስዳለች።

ሐርማኑስ ቀለሆቹን በሆምጣጤና በጨው ውኃ ካጠበ በኋላ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ነበር የሚያሰጣቸው። በዚያ ሳምንት ግን በዚያ አገር ደረቅ በሆነው የብርድ ወር ታይቶ የማይታወቅ ደመና ሦስት ቀን ተጋደመ። ልጅቱ በማግሥቱ ልትመጣ ነው፣ ቀለሆቹም ውስጣቸው እርጥብ ነው። አርባ ቀለህ በትሪ ደርድሮ ጓሮ ባለው የዳቦ ምድጃ አፍ ላይ አስቀመጠና ሄስተርን «እነዚህን አድርቂልኝ» ብሎ የውኃ ፓምፕ ሊጠግን ሄደ። «ዳቦው ወጥቶ ምድጃው ለብ ሲል» አላለም። የሚገባት መስሎት ነበር።

ሲመለስ ትሪው በርዶ እዚያው ምድጃው አፍ ላይ ተቀምጧል፣ ቀለሆቹም ደርቀዋል። ትንሽ ቀላ ብለዋል፤ እሱ ግን ሆምጣጤው በዝቶባቸው ነው ብሎ በጨርቅ ወለወላቸው። በተኩስ የሰፋ አንገታቸውን መልሶ ወደሚያጠብበው መሣሪያ ሲያስገባቸውም እንደ ወትሮው አልታገሉትም፣ ሰተት ብለው ገቡ። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ ያን ጊዜ አንድ ነገር ነግሮት ነበር። ቸኩሏልና አልሰማውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ በዚያች ማታ የሆነው እሱ ነው። ሃያውን ሞላ፣ ዊልሚና በማግሥቱ መጥታ ወሰደች፣ ጉንጩን ስማ ሄደች።

ዊልሚና ለባዛሩ ልታድን በምትወጣበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ላይ፣ ሄስተር ያንን ትሪ ይዛ መጥታ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ተጣሟል።

«እየው ምን እንዳደረግከው። ሁለተኛ ብረትህን አድርቂልኝ እንዳትለኝ።»

«ዳቦ ከወጣበት ምድጃ ውስጥ ገብቶ እንዴት ይጣመማል?»

«ዳቦው ከወጣ በኋላ ማን አለህ? ፍሙን እንደጠረግኩ ነው ያስገባሁት። ዳቦ ከመግባቱ በፊት ምድጃው እስኪረጋጋ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ ይቆይ የለ? ብረት መቼ ይቃጠላል ብዬ ነዋ፤ ያንተም ይድረቅ፣ ምድጃዬም ይረጋጋልኝ።»

ሐርማኑስ የቆረሰውን ዳቦ አስቀምጦ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ትሪ የተረፉት ሃያ ባዶ ቀለሆች ጣሳ ውስጥ ነበሩ። አንዱን አነሣና ግርጌውን በፒንሳ ጨመቀው። የደህና ቀለህ ግርጌ ፒንሳውን ያንሸራትተዋል እንጂ አይበገርም፤ ይሄ ግን እንደ ሰርዲን ጣሳ ጭርምት አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው፣ ሦስተኛውም። ነሐስ ከጋለ ይለሰልሳል። አንገቱ ቢለሰልስ ግድ የለም፣ ሐርማኑስ ራሱ አንዳንዴ አውቆ ያለሰልሰዋል። ግርጌው ከለሰለሰ ግን ቃታው ሲሳብ የሚነሣውን ኃይል የሚችል የለም። ያ ኃይል ወደ ኋላ ይመጣል፣ ጉንጯን ሰደፉ ላይ ወዳስደገፈችው ልጅ።

ለዊልሚና ስልክ ደወለ። ዶርንሁክ ኔትወርክ የለውም፤ ይህን እያወቀ ሦስቴ ደወለ። ሄስተር በሩ ላይ ቆማ ምን ሆንክ ብትለው የጨረመተውን ቀለህ እጇ ላይ አኖረላትና ወደ ፒካፑ ሮጠ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ከሮጠ ዘመን የለውም። ሄስተር ከኋላው ስትጮህ ሰማት፤ ዞሮ ግን አላያትም።

መንገዱ ሰባ ኪሎ ሜትር ኮረት ነው፣ በመካከሉም ዘጠኝ የከብት በር አለ። በዚያ አገር የሰው በር ከፍቶ ሳይዘጋ የሚሄድ ሰው ከሌባ አይለይም። ሐርማኑስ ዘጠኙንም እየከፈተ እንደተበረገዱ ትቷቸው አለፈ። ወደደም ጠላም የሌናርት ፊት ይመጣበታል፣ ያ ፊት ደግሞ እየተለወጠ የዊልሚና ይሆናል። ወርዶ አስታወከ፣ አፉን በእጅጌው ጠርጎ እንደገና ነዳ። እግዜርን ለመነ። ዛሬ አጋዘኑ አይታያት አለ፣ ነፋሱ ወደ አውሬው ይዙርባትና ይሽሽ አለ፣ ጠመንጃው ይበላሽ አለ። የኔን ዓይን ውሰድ፣ ሁለቱንም፣ የሷን ብቻ ተው አለው። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ነገር አእምሮው ውስጥ አልጠፋ ብሎ አስጨነቀው።

የመጨረሻውን በር ሲከፍት አንድ ተኩስ ሰማ። እጁ ሰንሰለቱ ላይ ቀረ። ድምፁ እንደ ደንቡ ነበር ወይስ የተለየ? ሠላሳ ዓመት ተኩስ የሰማ ጆሮ መለየት አቃተው። ወዲያው ሁለተኛ ተኩስ መጣ። ሁለተኛውን የተኮሰው ማነው? እሷ ወድቃ ቲተስ ለእርዳታ ወደ ሰማይ የተኮሰ ቢሆንስ? መኪናዋን እዚያው ትቶ በግራሮቹ መካከል ስሟን እየተጣራ ሮጠ፤ እሾሁ ሸሚዙን ሲቀደው አልታወቀውም።

ዊልሚና አጋዘኑ አጠገብ ቆማ ነበር። ሙሉ ፊቷ፣ ሁለት ዓይኗ። ቲተስ ቢላውን ሊስል ተቀምጧል። አባቷን በዚያ ሁኔታ ስታይ እናቷ የሞተች መስሏት ጠመንጃውን ለባሏ ወርውራ ወደ እሱ ሮጠች። እሱ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጉንጯን፣ ቅንድቧን፣ ግንባሯን እንደ ዕውር ዳበሰ። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ አለ።

ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ጠበቁት። ስለ ምድጃው፣ ስለ ትሪው፣ ስለ ፒንሳው በተቆራረጠ ቃል ነገራት። የተኮሰቻቸውን ሁለት ቀለሆች አምጪ፣ የቀሩትንም አምጪ፣ አንዷንም እንዳትተኩሺ አላት። ዊልሚና ቲተስን አየችው፣ ቲተስ መሬት መሬት አየ።

«አባዬ፣ ያንተን አልነበረም የተኮስኩት» አለች።

ፒካፓቸው ጋ ወስዳ ወንበሩን አነሣችለት። ከሥሩ ሐርማኑስ በገዛ እጁ ያሸጋቸው ሣጥኖች ተደርድረዋል፣ የዘንድሮው፣ የአምናው፣ የካቻምናውም። ከካቻምናው በቀር አንዱም አልተከፈተም። እሷ የምትተኩሰው ከከተማ በገዛችው አዲስ ቀለህ ራሷ ሞልታ ነው። ካቻምና እሱ መርጦ ካሳለፋቸው መካከል አንገታቸው የተሰነጠቀ አራት አግኝታለች። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ አገላብጦ አይቶ ያሳለፋቸው ናቸው።

«ዓይንህ ደክሟል አባዬ። እንዴት ብዬ ልንገርህ? በየዓመቱ እንዲያ ደስ ብሎህ እየሞላህልኝ!»

ሐርማኑስ ከሣጥኖቹ አንዱን አንሥቶ በእጁ መዘነው። ቁጣ እስኪመጣበት ጠበቀ፤ አልመጣም። ልጁ ከነዓይኗ ፊቱ ቆማለች።

«እንኳን ዋሸሽኝ» አላት። ከዚያ ለሠላሳ ዓመት በሩን ሲያንኳኩ የኖሩት ሰዎች ሁሉ ትዝ አሉት። «ጎረቤቶቹስ? እኔ የሞላሁላቸውን እየተኮሱ ነው?»

ዊልሚና እጁን ያዘች።

«አይተኩሱትም አባዬ። ራሴ በሞላሁት እንድለውጥላቸው ካንተ ተቀብለው በቀጥታ እኔ ጋ ነው የሚያመጡት።»