የታመመችው በበረኪና ነው

የዚያን ቀን እስር ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ከመልካሳ የመጣች ሽንኩርት ነጋዴ፣ አንዲት ዝምተኛ አስተማሪና የዩኒቨርሲቲዋ ልጅ ነን። አምስተኛዋ ቁልፍ የያዘችው ጠባቂ ናት። እሷንም እቆጥራታለሁ።

እኔን ያሰሩኝ በልጄ ነው። አዳማ ቤታችን ድረስ መጥተው ሲያጡት «እሱ እስኪመጣ አንቺ ትቆያለሽ» አሉኝ።

ክፍሉ አንድ ትንሽ መስኮትና አንድ የሽንት ባልዲ ነበረው። እኔ በሽታ እፈራለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ጠባቂዋን «እባክሽ እህቴ፣ ትንሽ በረኪና ስጪን፣ በውሃ በጥብጠን እንጠብበት» እያልኩ ለመንኳት። ምነው አፌን በያዘልኝ!

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጀሪካን ይዛ ገባች።

«ንጽሕና አማራችሁ አይደል?»

ባልዲው ላይም ወለሉ ላይም ደፋችው። መስኮቱን ከውጭ ዘግታ በሩን ቆለፈችብን።

በረኪናው ከሽንቱ ጋር ሲቀላቀል የወጣው ትነት ዓይናችንን አቃጠለው። ነጠላዬን ቀድጄ የመጠጥ ውሃችን ውስጥ ነከርኩና ለሁሉም አደልኩ። ልጅቷ ግን የምትተኛው ባልዲው አጠገብ ነበር። መጀመሪያ ሳል ያዛት። ቀጥሎ አየር ስትስብ ጉሮሮዋ ያፏጭ ጀመር። ድምፁን አውቀዋለሁ። ልጄ በሕፃንነቱ እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ የመተንፈሻ ቧንቧው ተቆጥቶ ጠቧል ብሎኝ ነበር።

በሩን በጫማዬ ደበደብኩ።

«ልጅቷ ልትሞት ነው! ክፈቺ!»

«ድራማሽን ተዪ፣ እማማ! ስትፈቺ ፊልም ትሠሪያለሽ።»

ነጋዴዋ ልጅቷን ከኋላዋ አቅፋ ቀና አድርጋ ያዘቻት። «ጀባዹ፣ ኢንተለ ኮ» ትላታለች፤ በኦሮምኛ በርቺ ልጄ ማለቷ ነው። አስተማሪዋ በነጠላው ቁራጭ ታራግብላታለች። ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ።

በሩ ሲከፈት የልጅቷ ከንፈር ጠቁሯል። ጠባቂዋ ደነገጠች። ሮጣ ሄዳ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። ወረቀቱ ልጅቷ ስትታሰርም አስም ነበረባት ይላል።

«አንዳችሁ ፈርሙና ትወሰድ። አንቺ እማማ፣ ጣትሽን ብቻ አሳርፊ።»

አራተኛ ክፍል ድረስ መማሬን አታውቅም። እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰድኩ። ከታች በኩል «የታመመችው በበረኪና ነው። አይቻለሁ» ብዬ ጽፌ ስሜን ከነአባቴ አሰፈርኩ። ከጥድፊያዋ የተነሳ ሳታነበው አጠፈችው። ልጅቷን ተሸክመው አወጧት።

እኔን ከሁለት ወር በኋላ ለቀቁኝ። ጠባቂዋን አንድ ቀን ባጃጅ ስትጠብቅ አየኋት። አላወቀችኝም። ይቅር በያት የሚሉኝ አሉ፤ አልልም። ያ ወረቀት አንድ ቀን ይገኛል። ያን ቀን ዳኛ ፊት ቆሜ ፉጨቱን በራሴ ጉሮሮ አሰማታለሁ። እስከ ዛሬ አልጠፋኝም፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን እሞክረዋለሁ።

ልጅቷ የዝዋይ ልጅ ናት። ቀጭን ናት፣ ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አላት፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች። ወዴት እንደወሰዷት የነገረኝ የለም። ያያት ወይም የሰማ ካለ፣ እባካችሁ፣ ደህና ትተነፍስ እንደሆነ ንገሩኝ።