የማታውቀውን ብቻ

ቦንጋ የቤተሰብ ችሎት ላይ በዳኝነት ስሠራ፣ ያለ ጠበቃ የሚቀርብ ባለጉዳይ ደሜን ያፈላው ነበር። ጠይቅ ስትለው ታሪኩን ይተርካል፤ ተርክ ስትለው ያለቅሳል።

አንድ ጠዋት ደካ ከሚባል ገጠር የመጣች ሴት ቀረበች። ፍቺው አልቆ የቀረው የንብረት ክፍፍሉ ነው። የቀድሞ ባሏ፣ ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ የተሰቀሉት የንብ ቀፎዎች ከጋብቻው በፊት ያፈራኋቸው የግሌ ናቸው ብሎ ቃሉን ሰጠ። መስቀለኛ ጥያቄ እንድታቀርብለት ተራ ሰጠኋት። «ምኑን ልጠይቀው?» አለች።

«ቀፎዎቹ መቼ እንደተሰቀሉ አያውቁም?» አልኳት።

«አውቃለሁ እንጂ። ከተጋባን በኋላ ነው፤ ገመዱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እሱን ይጠይቁታ!»

«የማውቀውን ነገር እንዴት እጠይቀዋለሁ፣ ክቡር ዳኛ? በሰው መቀለድ አይሆንም?»

ትዕግሥቴ አለቀ። «እትዬ፣ እዚህ የሚጠየቀው እንደዚያ ነው! ጥያቄ ካለዎት ይጠይቁ፣ ከሌለዎት ይቀመጡ።»

ወደ ባሏ ዞረች።

«ምን አድርጌህ ነው ጥለኸኝ የሄድከው?»

ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ብዬ ላስቆማት ይገባ ነበር። ጸሐፊዋም ልጻፈው ወይስ ልተወው በሚል ዓይን አየችኝ። እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት በችሎት የሰማሁት ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ የሚያውቀውን ጥያቄ ነበር። የዚህን መልስ እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ጠበቅኩ።



«ምንም» አለ ሰውዬው መሬት መሬቱን እያየ። «ምንም አላደረግሽኝም።»

«ጨርሻለሁ፣ ክቡር ዳኛ» ብላ ተቀመጠች። ስለ ቀፎዎቹ ምንም አልጠየቀችም።