የፋጤ ተልባ

መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርኩት በድርቁ ዓመት፣ ሰው ከየገጠሩ ወደ ከተማዋ በሚጎርፍበት ሰሞን ነው። ለሠዓሊ የተያዘ የሥራ መደብ ስላልነበረ በቀን ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። የጣቢያው ኃላፊ፣ የጤና ረዳቱ አቶ ጌታሁን፣ በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ፣ ጣውላና ጥቅል ወረቀት አስረከቡኝ።

«ማንበብ ለማይችል ሰው የሚገባ ሥዕል ነው የምፈልገው» አሉኝ። «ቆንጆ ባይሆን ግድ የለኝም።»

የምሠራው በውሃ ቀለም ነበር። ወረቀቱን አርጥቤ ጣውላው ላይ ወጥሬ አደርቀዋለሁ፤ በእርሳስ እነድፋለሁ፤ ከዚያ ከስሱ ቀለም ጀምሬ ወደ ደማቁ እሄዳለሁ። ቀዩንና ቡናማውን ከአፈር አዘጋጅ ነበር። ያስቸገረኝ ሰማያዊው ነው። ነጭ ልብስ የሚታጠብበትን ሰማያዊ ዱቄት በግራር ሙጫ እለውሰዋለሁ፤ ሲደርቅ ይፈረፈራል፤ መልኩም አመድ ይመስላል።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ደርሳ የተመለሰች ነርስ ሦስት ቱቦ ሰማያዊ ቀለም አመጣችልኝ። አንዱ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። አንዱ የመስከረም ሰማይ ነው። ሦስተኛው ግን ጉድ ነበር፤ በብሩሼ ጫፍ ትንሽ ነክቼ ውሃው ላይ ሳደርገው ሳህኑን ሁሉ አለበሰው። በዚያ ሰሞን መደሰት ያሳፍር ነበርና በሩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅኩ።

በማግስቱ ለብርሃኑ ብዬ ደጅ ወጥቼ ቀለሞቹን ወረቀት ላይ ስሞክር አንዲት ሴት አጠገቤ ቆመች። ፋጤ ነበረች፤ ከጣቢያው አጠገብ ለተራቡት በተሠራው መጠለያ ካሉት እናቶች አንዷ። የበኩር ልጇ ጣቢያው ውስጥ ሞቶባታል። አሁን ደግሞ ታናሽ ልጇን ኩፍኝ ይዟት ሳለ፣ «እዚያ ቤት ሁለተኛ አልገባም» ብላ ነበር። አቶ ጌታሁን ቢለምኗትም አልሰማቻቸውም።

«ተልባ ነው?» አለችኝ ወረቀቱን እያየች።

ምንም አልነበረም፤ ነጠብጣብ ነው። «አዎ፣ ተልባ ነው» አልኳት።

«ኧረ ወላሂ አይደለም! ተልባ እንዲህ ተራርቆ ይቆማል? ጠዋት ሲያብብ'ኮ መሬቱ አይታይም።»

«እንግዲያ ግቢና አሳይኝ። ጠረጴዛዬ ያለው ጣቢያው ውስጥ ነው።»

በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቆይታ፣ ልጇን እንዳዘለች ገባች።

ጎኔ ተቀምጣ በጣቷ እያሳየች አዘዘችኝ። «እዚህ ጋ ሳሳ ይበል። ነፋስ ሲመጣ ወደዚህ ነው የሚተኛው።» በዚህ መሀል አቶ ጌታሁን ቀስ ብለው መጥተው የልጅቱን ደረት ከእናቷ ጀርባ ላይ እንዳለች አዳመጡ። ፋጤ ዞር ብላ አየቻቸው። እጃቸውን አልገፋችም።

ኩፍኙ ወደ ልጅቱ ሳንባ ወርዶ ነበር። መርፌ ጀመሩላት። ፋጤ ጠዋት ጠዋት ልጇን ለመርፌ እያመጣች እኔን ታርመኛለች። ሥዕሉ ሲያልቅ ልጅቱ ግድግዳ እየያዘች ትሄድ ነበር፤ «አልሐምዱሊላህ» አለች ፋጤ።

አቶ ጌታሁን ሥዕሉን ራሳቸው መግቢያው ላይ ሰቀሉት።

«ስለ ጤና ምን ያስተምራል ብለው ነው?» አልኳቸው።

«ሰው ያስገባል» አሉ።

አብዮቱ መጣና ዘማች ተማሪዎች ከተማችን ገቡ። አንዱ ለመፈክር ወረቀት ፈልጎ መጣ። የቀረን ወረቀት አልነበረም። ሥዕሉን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ጀርባው ንጹሕ ነው» አለ። አውርጄ በጀርባው ላይ «መሬት ለአራሹ» ብዬ በቀይ ጻፍኩ። ሰማያዊዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተሰቀለ። ማንንም ግን አልወቀስኩም።

እስከዚያ ድረስ ከመጠለያው ያልወጣችው ፋጤ ቀዩን ጽሑፍ አይታ፣ «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት።

«ባሌ ሞቷል። ለሴትም ይሆናል ወይ?»

ተማሪውን ጠየቅነው። «ይሆናል» አለ።

 ከዚያ ነጠላዋን አጥብቃ ልጇን አዘለች። ሥዕሉን አውርጄ ልሰጣት ብነሳ እጄን ያዘችኝ።

«ተይው ይሰቀል። እኔ የምሄደው ወደ ተልባው ማሳ አይደል?»

ከዚያ ወዲህ በዚሁ ሥራ አርጅቼ ጡረታ ወጣሁ። ለጀማሪ ሠዓሊ የምለው ይህን ነው፤ አዲስ ቀለም ሲደርሳችሁ ለትልቅ ሥራ ብላችሁ አታስቀምጡት፤ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል። በዚያው ሰሞን፣ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ተቀምጣችሁ ክፈቱት።