ሹራብ አይመዘግብም

ልጄ ልትማረው የፈለገችው የሕንፃ ንድፍ ትምህርት ያመለጣት በእኔ ምክንያት ነው። በትምህርት ቤቱም በዕድልም አላሳብብም። ይህን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው።

ያኔ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። የቀረውን ያገኘሁት ከአሮጌ መጻሕፍትና ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መዝገበ ቃላት ነው። በዚያ መንገድ የመጣ ሰው ሰዓት ሲባክን እያየ ዝም ማለት አይችልም። የእኛ ቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈርማል፣ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ያንጠለጥላል፣ «መጣሁ» ይልና ይወጣል። ባለጉዳይ መጥቶ ሲጠይቅ «አለ፣ ይኸው ኮቱ» ይባላል። ኮት መዝገብ አይፈልግ፣ ደብዳቤ አይመራ! ከወሎ ድረስ ፋይል ፍለጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ ግማሽ ቀን ከኮት ጋር ተፋጠው ሲቀመጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

«መጣሁ» የሚለውን ቃል ጠላሁት። የሚሄድ ሰው ስለ ምን መጣሁ ይላል?

ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ባልደረባዬ የዚህ ነገር ሊቅ ነበር። አንድ ቀን ሻይ ነው፣ አንድ ቀን ለቅሶ ነው፣ አንድ ቀን ስታዲየም አካባቢ ትንሽ ጉዳይ አለችኝ ነው። ስቆጣው ይስቃል፤ «ደወሉ ጮኸ!» ይላል ለሌሎቹ። በዚያው «ጋሼ ደወል» ተብዬ ቀረሁ።

«ጋሼ ደወል፣ ሰው እኮ ነን፤ መዝገብ አይደለንም» ይለኛል።

«መዝገብስ ሲፈለግ ቦታው ላይ ይገኛል» እለዋለሁ።

እኔ በወረቀት አስምሬ ከጠረጴዛዬ መስታወት ሥር ያስገባሁት የሰዓት ሰሌዳ ነበረኝ። ገቢ ደብዳቤ ከሦስት እስከ አራት፤ የግል ጉዳይ ሐሙስ ብቻ፣ ከአራት እስከ አራት ተኩል። ቂርቆስ ያለው ቤቴም በሰሌዳ ነው የሚተዳደረው። ልጆቼ የሚያናግሩኝ በተመደበላቸው ሰዓት ነው። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን እኮራበት ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከቤት ልወጣ ስል ትልቋ ልጄ ቅጽ ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለ የሙያ ትምህርት ቤት የሕንፃ ንድፍ ለመማር ተፈትናለች፤ አልፋለችም። የቀራት የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው። ምዝገባው ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል።

«አባባ፣ እዚህች ጋ ብቻ ነው የሚፈርሙት። በቃ፣ አንድ ደቂቃ ነው።»

«ያላነበብኩት ወረቀት ላይ አልፈርምም። ሐሙስ አራት ሰዓት ቢሮ ነይ፤ እስከዚያ አነበዋለሁ።»

«ዛሬ ቢሆን ግን… ማለቴ፣ እንዳይረፍድ ብዬ…»

«አራት ሰዓት አልኩ። እስከ ስድስት ድረስ ሁለት ሙሉ ሰዓት አለሽ።»

ቅጹን ቢሮ ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ቁልፉን እንደ ልማዴ ኮቴ ኪስ ከተትኩ። ሰኞ አላነበብኩትም። ማክሰኞና ረቡዕም አላነበብኩትም። የኮቱን ነገር የሚያስቆም የመውጫ መዝገብ እያዘጋጀሁ ነበር፤ ማን ወጣ፣ በስንት ሰዓት፣ የት ሄደ፣ መቼ ተመለሰ። አንድ ትልቅ ደብተር ገጽ በገጽ በማስመሪያ አሰመርኩ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኃላፊያችን ደብተሩን እንዳሳያቸው ሦስተኛ ፎቅ አስጠሩኝ። ሞቆኝ ነበር፤ ኮቴን ወንበሬ ላይ ሰቀልኩ። የት እንደምሄድ እንኳ ሳልናገር ለባልደረባዬ «መጣሁ» አልኩት። አዎ፣ ያልኩት እኔ ነኝ።

ኃላፊው ስልክ ያነሳሉ፣ ይዘጋሉ፣ እንግዳ ያስገባሉ። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። አራት ሰዓት ሲሞላ ሰዓቴን አየሁ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። አይቼ «ትንሽ ብትጠብቅ ምን ትሆናለች» አልኩ በልቤ። ኋላ ኃላፊው «እስቲ አስረዳኝ» አሉ፤ ስለ ሰዓት አጠቃቀም ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ሰዓት ሳወራ ደግሞ ሰዓት አላይም።

ስወርድ ለስድስት አሥር ጉዳይ ሆኗል። ልጄ ባለጉዳይ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ፣ ከኮቴ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። የባልደረባዬ ወንበር ባዶ ነው።

«የት ሄደ ይሄ ሰውዬ ደግሞ?» አልኩ። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ይህ ነው።

«እርስዎን ፍለጋ ነው የሄዱት። መጀመሪያ፣ አይዞሽ፣ ጋሼ ኮት ሰቅሎ የሚጠፋ ሰው አይደለም አሉኝ። ሲቆዩባቸው ሻይ ቤት ለሻይ ቤት ሊፈልግዎ ወጡ።»

«ቁልፉ እኮ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው! መሳቢያውን ከፍተሽ ቅጹን ለእናትሽ አትወስጂላትም ነበር? እሷስ ወላጅ አይደለች?»

«አስቤ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ኪስዎን እንዳንነካ ነው ያሳደጉን።»

ፈረምኩ። አንድም መስመር አላነበብኩም። ላዳ ታክሲ ኮንትራት ይዘን ወጣን። መስቀል አደባባይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ልጄ ቅጹን ደረቷ ላይ ይዛ በመስኮት ታያለች፤ እኔ ሾፌሩን እቆጣለሁ፣ ትራፊኩን እቆጣለሁ። ስንደርስ ስድስት ከሩብ ሆኗል። ዘበኛው የመዝጋቢዋን ክፍል በር ገርበብ አድርጎ አሳየን፤ ማንም የለም።

«አብቅቷል፤ ዝርዝሩንም ወደ ላይ ወስደውታል» አለ።

ወንበሩ ላይ የተሰቀለ አረንጓዴ ሹራብ አየሁ። «ሹራቧ ይኸው አለ አይደል!» ብዬ ጮህኩ።

ዘበኛው ሳቀ። «ምነው አባት፣ ሹራብ ይመዘግባል እንዴ?»

በማግስቱም ሄጄ ለመንኩ፤ ቦታው ሞልቷል አሉኝ። በቀጣዩ ዓመት እንደገና እንድትፈተን ስነግራት ጽሕፈት ሥራ ጀምራ ነበር፤ «ይቅር አባባ» አለችኝ። የመውጫ መዝገቡ ጸደቀ። የመጀመሪያውን መስመር የሞላሁት እኔ ነኝ፦ ወጣ፣ ሦስት ተኩል፤ ተመለሰ፣ ለስድስት አሥር ጉዳይ። ባልደረባዬ አነበበው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድብኝ ቀረ። እሱን ሰነፍ ስል ነበር የኖርኩት፤ ያን ቀን ግን ልጄን ለመርዳት የተነሳው እሱ ብቻ ነው። ይህም እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ የጡረታ ወረቀቴ ላይ ምስክር አስፈልጎኝ ደምበል አካባቢ ወዳለው የልጄ ቢሮ ሄድኩ። ባለጉዳይ ተሰልፏል። ብድግ ብላ ወንበር ሰጠችኝና ወረቀቱን ተቀበለችኝ።

«ሲመችሽ ይሁን፤ ሳምንትም ቢሆን ይደርሳል» አልኳት።

«አይ፣ አሁን» አለች። እዚያው ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ፈረመች። አንድ ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው።

ይቅርታ ልላት ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ከኋላዬ የቆመውን ሰልፍ አየሁና የሥራ ሰዓቷን አልሻማባትም ብዬ ወጣሁ። ይህም ሰበብ ነው፤ አውቀዋለሁ።