ከቤት የማይወጣው ዋንጫ

ጌትነት ቀናተኛ ነው። ከጀርባው እያማሁት አይደለም፤ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፣ እሱም አልካደም። ሌላው ሰው በሚስቱ ይቀናል፤ እሱ ግን መጀመሪያ የቀናው በመጽሐፍ ነው።

ሥራው መሬት መለካት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ድንበር ሲለካ፣ ሲከራከርና ሲረገም ይከርምና እሁድ ከቅዳሴ መልስ እኛን ሰብስቦ የሌለ አገር ውስጥ ያዞረናል። ጨዋታው «ሰባት በር» ይባላል። ከውጭ የመጣ ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ መነኩሴ ሆነን እንገባበታለን። «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ስንባል የምናደርገውን እንናገራለን፤ ተሳካ አልተሳካ የሚለውን ባለ ነጥቡ ጠጠር፣ ዳይሱ፣ ይቆርጠዋል። እኔ ለምሳሌ በሥራየ ፋርማሲስት ነኝ፣ እሁድ ግን ጦረኛ ነበርሁ።

ታሪክ መሪውን በእንግሊዝኛ ስሙ መጥራት ስላልጣመን፣ የጽዋ ማኅበር አለቃ እንደሚባለው «ሙሴ» አልነው። ዳይሶቹን የምንወረውርበትም የቀንድ ዋንጫ ነው። ልዩነቱ ጽዋ ከቤት ቤት ይዞራል፤ የጌትነት ዋንጫ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ምስጋናው፣ ጠበቃው ጓደኛችን፣ «እስቲ እኔ ቤት እንሰብሰብ» ቢል ጌትነት ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

ግን ይችልበታል፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። እዚህ አቅራቢያችን ያለችውን ኮሶዬን የጉም ከተማ አድርጎ ንግሥት አነገሠባት። ሊማሊሞ ገደል ላይ ዘንዶ አስቀመጠ፤ ያ ዘንዶ የእኔን ጦረኛ የበላው ዕለት፣ የእውነት ሰው የሞተብኝ ይመስል ምሳየን ትቸ ወጣሁ። አዲስ ተጫዋች ሲመጣ ደግሞ ዋንጫውን ፊቱ አስቀምጦ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ስምህ ማነው፣ ከየት መጣህ፣ ምን ትፈራለህ። ሦስተኛዋ ጥያቄ ላይ ሰው ሁሉ ይደናገጣል። እሱ ሁልጊዜ ሙሴ ስለሆነ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ሚስቱ ወይንሸት አዋላጅ ነርስ ናት። እሁድ ተረኛ ካልሆነች ምሳ ታቀርብልናለች፣ «እትየ እጅሽ ይባረክ» እንላታለን፣ ጓዳ ትገባለች። በጓዳና በሳሎን መካከል ያለው መጋረጃ ብቻ ነው።

እንዲህ እንዳለን ሶሊያና የምትባል የማደንዘዣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ተቀይራ ወይንሸት ያለችበት ሆስፒታል መጣች። ስትመጣ ባዶ እጅዋን አልመጣችም፤ የሰባት በርን የጨዋታ መጽሐፍ አዲሱን እትም በታብሌት ይዛ ነው። በእኛ እጅ ያለው ፎቶ ኮፒ ነው፣ ጥግ ጥጉ ወጥ የነካው። በአዲሱ እትም የሞተ ሰው ዋጋ ከፍሎ ይመለሳል፤ ሙሴነቱ በየተራ ይዞራል፤ ሦስተኛዋ ጥያቄም ሰው ታስጨንቃለች ተብላ ወጥታለች።

ከዚያ በኋላ የቴሌግራም ግሩፓችን የገበሬ ድንበር ሙግት ሆነ። ምስጋናው አዲሱን እትም በአንቀጽ በአንቀጽ እየበለተ ይለጥፋል። ጌትነት ሞት ከሌለ ፍርሃት የለም፣ ፍርሃት ከሌለ ደግሞ ጨዋታው የሕፃን ነው ይላል። አንድ ቀን ጠዋት «ሁሉም ሙሴ ከሆነ ባሕሩን ማን ይከፍላል?» ብሎ ጻፈ። ሶሊያና «ተራ በተራ» ብላ መለሰች። ግሩፑ ሁሉ ሳቀ። ጌትነት ግሩፑን ለቆ ወጣ፤ ማታ ደግሞ መልሸ እንዳስገባው በስልክ ጠየቀኝ።

ሶሊያና ማራኪ ሰፈር በተከራየችው ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ማጫወት ጀመረች። ሰው እየፈለሰ ሄደ፣ ምስጋናው ከሁሉ ቀድሞ። በመጨረሻ ለእሁዱ ጨዋታ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ቅዳሜም እሄዳለሁ፣ አልዋሽም፤ ጌትነትም ያውቃል። እሁድ ስመጣ ጨዋታውን ትቶ ይመረምረኛል። ስንት ሰው መጣ? እሷ ስትተርክ ጉሙ ይታያችኋል? ሸጋ ነው ወይ? «ደህና ነው» ስለው ፊቱ ይጠቁራል፤ «አይረባም» ስለው ደግሞ አያምነኝም። ያሳዝነኛልም፣ ያናድደኛልም።

አንድ እሁድ ምሳ አልነበረም። ወይንሸት ቅዳሜ ቅዳሜ ሶሊያና ቤት እንደምትሄድ ነግራው ነበርና ለተጫዋቾቹ ምሳ በመሥራት የምታግዛት መስሎታል። «ሰዎቼን ወሰዱ፤ አሁን ደግሞ የቤቴን ባለሙያ ወሰዱ» አለኝ። እኔ እውነቱን አልነገርሁትም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ራሱ ቢያየው ይሻላል።

በቀጣዩ ቅዳሜ አየ። ስልክ ላወራ ከሶሊያና ቤት ስወጣ የግቢው በር ላይ አገኘሁት፤ ዣንጥላውን ይዞ እንደ እንግዳ ቆሟል። መስኮቱ ክፍት ነው። ከውስጥ የወይንሸት ድምፅ ይሰማል፤ «አልሸሽም፣ ዘንዶውን ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ» ትላለች። ዳይሱ ተንከባለለ፤ ቤቱ ጮኸ፤ ከዚያ እሷ ሳቀች። ወይንሸት ከልቧ ስትስቅ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ጌትነት ያን ሳቅ ለስንት ጊዜ ሳይሰማው እንደቆየ ከፊቱ አነበብሁት። ግባ ብለው እንቢ አለና ተመለሰ።

ማታውን ለምን እንዳልነገረችው ጠይቋታል፤ ኋላ እሱው ነው ያወራኝ። መጫወት እንደምትፈልግ አንድ ቀን ብትነግረው ምን ነበረበት? «ምነው፣ አንተ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» ብላ ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። ሶሊያና በተዋወቁ በሳምንቱ ነበር የጠየቀቻት።

ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈ። የሚቀናው በማን እንደሆነ ራሱም ጠፍቶት ነበር፤ በሶሊያና ይሁን፣ በመጽሐፉ፣ ወይስ በገዛ ሚስቱ። እኔን ብትጠይቁኝ በሦስቱም ነው።

ቅዳሜ ግን መጣ። እኛ ክብ ሠርተን እንደተቀመጥን ገባና ከጃኬቱ ውስጥ ያን የቀንድ ዋንጫ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የዚያን ቀን የሙሴነቱ ተራ የወይንሸት ነበር። ሶሊያና ወንበር ሳበችለትና ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

ወይንሸት ዋንጫውን ወደ እሱ ገፋችው።

«ስምህ ማነው?»

ለስንቱ ንጉሥና ለስንቱ ሽፍታ ስም ሲያወጣ የኖረ ሰው ለራሱ ስም አጣ። «ጌትነት» አለ።

«ከየት መጣህ?»

«ከቤት።»

«ምን ትፈራለህ?»

ምስጋናው ጣልቃ ገብቶ፣ ይህቺ ጥያቄ በአዲሱ እትም መሠረዟን አስታወሰ። ወይንሸት ዞራም አላየችው፤ ባሏን ትጠብቃለች። ጌትነት እጁን ዋንጫው ላይ አደረገ። ልክ እኛ በእሱ ፊት እንደምንሆነው ጆሮው ቀላ።

«አንቺ ያለ እኔ ስትስቂ መስማት» አለ።

አንዳችንም አልሳቅንም። እሷም ዐይኗን ከእሱ ላይ አላነሣችም።

«እኔ ሳቃችሁን ከጓዳ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ሰምቸዋለሁ» አለችው። «አይገድልም። በል ወርውር።»

ዋንጫውን አንሥቶ ወረወረ።